የረመዳን ተረከዝ

ሳሊሀ አሁንም ተነሣች። ጀሪካኑን ይዛ ወደ ጓሮ ልትወጣ ስትል ጎረቤቷ መይሙና የሻሿን ጫፍ ያዘች።

"ተቀመጭ እንጂ። ውሃውን እኛ እንቀዳለን።"

"እጄን የማደርግበት ጠፋኝ" አለችና ተቀመጠች።

ባሏ ረመዳን ትናንት ነው የተቀበረው። ከዋጃም ከጎብዬም የመጣው ለቅሶ ደራሽ ግቢውን ሞልቶታል። ወንዶቹ ዳሱ ሥር ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቤት ውስጥ የቆቦ ሙቀትና የሴቶቹ ሹክሹክታ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከመጋረጃው ወዲያ የረመዳን ታላቅ እህት የጀዊሪያ ድምፅ ተሰማ።

"ብረት ባይነካው ኖሮ ዛሬም ነበር። እንዲህ ያለ ቁስል ብረት ከነካው አይመለስም።"

አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። እግሩን እንዲቆረጥ የለመነችው ሳሊሀ እንደሆነች የማያውቅ የለም። ሳሊሀ እንደገና ልትነሣ ቃጣት።

ረመዳን ሽንኩርት አምራች ነበር፤ ሰዉ የሚያውቀው ግን በሰርግ ነው። እሱ ተረከዙን መሬት ላይ ሲያሳርፍ ሌላው ጨፋሪ ቦታ ይለቅለታል። ለሞት ያበቃው ጥቁር ነጥብ የወጣው እዚያው ተረከዙ ላይ ነው። "የግራር እሾህ ነው፣ ውስጤ ቀርቶ" አለ። ነጥቡ ሰፋ፤ ጠርዙ ተዛነፈ፤ ይደማም ጀመር። ያኔ ጀዊሪያ አንድ ባህላዊ አዋቂ ዘንድ ወሰደችው። ሰውዬው በጋለ ብረት ተኮሰለት። ላዩ ሲጠግግ ሁሉም ዳነ አለ፤ እሱም በሁለት ሰርግ ጨፈረበት። በቀጣዩ ክረምት ጠባሳው ፈነዳ። ያን ጊዜ ነው ሳሊሀ ማንንም ሳትሰማ ደሴ የወሰደችው።

ሐኪሙ ይድነቃቸው ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ ነገሩን አላድበሰበሰም።

"ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው። እኛ ጋ ብዙ አይታይም፤ ሲመጣም እንዲህ እግር ሥር ተደብቆ እሾህ እየመሰለ ያታልላል።"

"ይድናል?" አለ ረመዳን።

"ገና ሳይጠልቅ ተቆርጦ ቢወጣ ብዙው ሰው ይድናል። አንተ ግን ብሽሽትህ አብጧል፤ ወደ ላይ ወጥቷል። እግርህን ብንቆርጠው ከሕመሙና ከመድማቱ ታርፋለህ። እድናለሁ ብለህ ግን አትቆረጥ። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት እኛ ጋ የለም።"

ሲመለሱ ወልድያን ካለፉ በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"ሐኪሙ ገና ሳይጠልቅ ቢወጣ ይድናል ያለውን ለጀዊሪያ እንዳትነግሪያት። እኔ አልፌ እሷ ስትቃጠል እንድትኖር አልፈልግም።"

"አልነግራትም።"

መቆረጡን ሲያንገራግር ቆየ፤ ሳሊሀ ለመነችው። ከተቆረጠ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው። ሽንኩርቱ እስኪነቀል ድረስ በክራንች ማሳው ዳር እየቆመ ሠራተኞቹን ያስቅ ነበር። ከዚያ ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ገባ።

ሴቶቹ ለአሱር ሶላት ሲነሡ ጀዊሪያ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

"ሰማሽኝ አይደል?"

"ሰማሁ፣ እትዬ።"

"ብረት፣ ብረት እላለሁ። የቱን ብረት እንደምል እኔም አላውቀው።" ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። "ያን ጊዜ ሐኪም ጋ ብወስደው ኖሮ ይተርፍ ነበር? ሐኪሙ ምን አላችሁ?"

መልሱ ሳሊሀ ምላስ ላይ ነበር። አንዴ ብታወጣው ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሹክሹክታ ሁሉ ከእሷ ላይ ይነሣል። ወደ በሩ አየች። እግሮቿ ተነሺ ተነሺ አሏት።

"ደሴ ስንደርስ ከእግሩ አልፎ ነበር" አለች። "መቼ እንዳለፈ አላህ ነው የሚያውቀው።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ።"

ጀዊሪያ እግሯን ዘርግታ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሳሊሀ የጀዊሪያን ቀኝ እግር ስባ ጭኗ ላይ አኖረች፤ ውስጥ እግሯንም በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አዞረችው።

"ምን ታያለሽ?"

ሳሊሀ የንቃቃቱን አቧራ በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ተረከዙን፣ ከዚያ የጣቶቹን መሃል እያንዳንዱን እየከፈተች አየች። ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

"ግራውንም አምጭው" አለች።