የዳልጮ ልጅ

«ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመስሽም» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ባዩሽ፣ የተቀቀለ የቦዬ ሥር የያዘውን ሳህን ወደ አገኘሽ እያስጠጉ።

አገኘሽ ሳህኑን ተቀብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። አባቷ ዳልጮ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሲቀላ ሰፈር በሚገኘው ግቢያቸው የተተከለው ድንኳን ከተራራማው ኦቾሎ በወረዱ ሸማኔዎች ሞልቷል። እነሱ በጋሞኛ ስለ ዳልጮ ጋቢዎች ያወራሉ፤ የእሷ ጆሮ ከቤት ውስጥ የአባቷን የሽመና መወርወሪያ ድምፅ ይጠብቃል።

እናቷ በወሊድ ስለሞተች ያሳደጋት እሱ ነው። ሕፃን ሳለች አጠገቡ አስተኝቷት ይሸምን ነበር፤ ስታለቅስ ሥራውን ትቶ ያነሳታል። በስድስት ዓመቷ «ላግዝህ» ብላ ድሩን ስታበላሽበት «ጎበዝ» ይላታል፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ቀስ ብሎ ፈትቶ ያስተካክለዋል።

በአሥራ አምስት ዓመቷ አንድ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ስትሄድ፣ ጋቢ ተሸክሞ ወደ ገበያ ሲወርድ አገኙት። «ልጄ» አላት ፈገግ ብሎ። ጓደኞቿ ማን እንደሆነ ሲጠይቋት «የሰፈራችን ሸማኔ ነው» አለች።

ሰምቷል። ማታ ግን እራት አቅርቦ ስለ ፈተናዋ ብቻ ጠየቃት።

በ1987 ዓ.ም. አስተማሪ ሆና ጨንቻ ተመደበች። በየክረምቱ ስትመጣ ይቅርታ ልትጠይቀው ታስባለች፤ ዓይኑን ስታይ ትተወዋለች። ሞት ቀደማት።

ከሰዓት በፊት የዳልጮ የልብ ወዳጅ፣ ሽማግሌው ሸማኔ ዳምጤ፣ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ።

«ጋሽ ዳምጤ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ በእኔ አዝኖ ያውቃል?»

«የዚያን ቀን ገበያውን ትቶ እኔ ቤት መጣ።»

የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቀችም። «አለቀሰ?»

«አለቀሰ፤ አልዋሽሽም። ኋላ ግን ሳቀ። ‹እኔም በእሷ ዕድሜ የአባቴን እርሻ ንቄ ከኦቾሎ ወርጃለሁ። አባቴ እስኪሞት አልተመለስኩም። እሷ ግን ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች። ልጅነት ነው፣ ያልፋል› አለኝ።»

«አለፈ እኮ፣ ጋሽ ዳምጤ። ካለፈም በኋላ አልነገርኩትም።»

«አዎ» አሉ ሽማግሌው። «አልነገርሽውም።»

ምሳ ቀረበ። አገኘሽ ተነስታ ጆጉንና ሳፋውን ከእትዬ ባዩሽ እጅ ተቀበለች፤ ዳምጤ ፊት ተንበርክካ ታስታጥባቸው ጀመር። ጣቶቻቸው ልክ እንደ አባቷ ጣቶች ከክር ብዛት ደድረዋል። ታጥበው ጨረሱ። እሷ ግን ማፍሰሷን አላቆመችም፤ ሽማግሌውም ጆጉ ባዶ እስኪሆን ድረስ እጃቸውን አልሰበሰቡም።