መሰላልና አምስቱ ጓደኞቿ

የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ክፍል የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ፈልጎ ማስታወቂያ ከለጠፈ ወር ቢያልፈውም ዝር ያለ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ዓይኗን በጨው አጥባ ሄደችና ተመዘገበች። በልጅነቷ ለትምህርት ቤቷ ተጫውታለች፤ ልምዷ እሱ ብቻ ነው።

አምስት ልጆች ወዲያው አገኘች። ስድስተኛዋን ያገኘቻት እዚያው ሥራ ቦታዋ ነው። አንዲት የፋርማሲ ተማሪ እጇን ሰደድ አድርጋ ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ አወረደችና፣ ሰው እንዳያያት ወዲያው ጎበጥ አለች። ጓደኞቿ «መሰላል» ይሏታል። ቁመቷን ስትደብቅ ነው ያደገችው።

«ኳስ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ መሮጥም አልችል።»

«መጀመሪያ ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ፤ ሩጫው ይደርሳል።»

አዳራሹ ቀኑን ሙሉ የወንዶቹ ስለሆነ ለሴቶቹ የተረፋቸው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ጣሪያው ስለሚያፈስ መጀመሪያ ወለሉን ይወለውላሉ፤ ከዚያ ይሮጣሉ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ስልሳ አራት ለአሥራ አንድ ተሸነፉ። ከአሥራ አንዱም ሁለቱን ነጥብ የተጋጣሚ ተከላካይ ናት በስህተት ያስቆጠረችላቸው።

ይህን የሰሙት የመሰላል እናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በማግስቱ ማለዳ ከች አሉ።

«እህቴ፣ እኔ ልጄን የላክኋት መድኃኒት እንድትማር ነው። ኳስ ስታሳድድ እግሯ ቢሰበርስ?»

«እውነትዎን ነው፤ ግን እስኪ አንዴ ቁጭ ብለው ይዩዋት» አለች አሠልጣኟ።

ተቀመጡ። ልጅቷ እጆቿን ዘርግታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ኳሱን ከሁለት ልጆች አናት በላይ ስትቀልብ አዩ። 

«እንዲህ ቀጥ ብላ አይቻት አላውቅም» አሉ እናት። ቀጥለው ልጆቹ የለበሱትን የወንዶቹን አሮጌ መለያ አስተዋሉ፤ ጆንያ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ። «ይሄንንስ ማነው የሰፋው? በሉ ኑ፣ ልለካችሁ።»

በሁለተኛው ዓመት አራት ጨዋታ አሸነፉ። በሦስተኛው ለፍጻሜ ደረሱ፤ የገጠማቸውም ያ ስልሳ አራት ያገባባቸው ቡድን ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ስድስት ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ እየተመሩ ነበር። ኳሱ መሰላል እጅ ገባ። ሁለት ተከላካዮች ተጣበቁባት፤ ተመልካቹ «ወርውሪ» ይላል። እሷ ግን ከሁሉም አጭሯን ልጅ፣ «ቅንጣት» የሚሏትን፣ ጥግ ላይ ብቻዋን ቆማ አየቻት። ሰጠቻት። ቅንጣት ወረወረች፤ ኳሱ ቀለበቱን አንዴ ዞረና ገባ። ሃምሳ ሁለት ለሃምሳ አንድ።

ከተመልካቹ መሃል የመሰላል እናት እንባቸውን በልብስ መለኪያ ሜትራቸው ጠረጉ።

በሳምንቱ ለሴቶቹ የከሰዓቱ ፕሮግራም ተሰጣቸው። ለምዝገባ አርባ ሦስት ልጆች መጡ፤ ሰልፉ ከአዳራሹ ወጥቶ ደረጃው ድረስ ወረደ።

«እኔ እንኳ አጭር ነኝ፤ ብመለስ ይሻለኛል መሰለኝ» አለች አንዷ።

መዝገቡን የያዘችው ቅንጣት ቀና ብላ አየቻት።

«ተሰለፊ» አለቻት።