ጋሽ ፊሽካና የልቡ ስምሪት

ጋሽ ፊሽካ የሚለውን ስም ያወጡለት ሾፌሮቹ ናቸው። የከተማ አውቶቡሶች ስምሪት ኃላፊ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ፊሽካው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። በየማለዳው ግቢው በር ላይ ቆሞ ስልሳ አራት አውቶቡሶችን አንድ በአንድ ያስወጣል። በግራ እጁ ስልክ፣ በቀኝ እጁ ሬዲዮ፣ በአፉ ፊሽካ። «ሦስተኛ እጅ ቢኖረው በሱም ይቆጣን ነበር» ይላሉ ሾፌሮቹ፣ እሱ በማይሰማበት።

ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ አንድ አውቶቡስ በዘገየ ቁጥር ራሱ በትከሻው የሚገፋው ይመስል የአንገቱ ሥር ይገተራል። ምሳውን ቆሞ ይጎርሳል። ቤት ገብቶም ጆሮው ስልኩ ላይ ነው። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን አቁማ «እኔ ያገባሁት አንተን ነው ወይስ ስልሳ አራቱን?» ስትለው፣ «እነሱን ነው፤ አንቺ ትርፍ ተሳፋሪ ነሽ» እያለ ይቀልዳል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት አውቶቡሶች ድልድይ ላይ ተላተሙና መንገዱ ተዘጋ። ሰው አልተጎዳም። ጋሽ ፊሽካ ግን በሬዲዮው እየጮኸ ሳለ አንዳች ነገር ደረቱን ጨምድዶ ያዘው፤ ላብ አጠመቀው። ከእሱ ጋር ስድስት ዓመት የሠራችው ምክትሉ ሬዲዮውን ከእጁ ወስዳ፣ መኪና ውስጥ አስገብታ ሐኪም ቤት አደረሰችው።

ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። አገላብጣ መረመረችው።

«የልብዎ የደም ሥር አልተዘጋም፤ ተመስገን ነው። የደም ግፊትዎ ግን ጣራ ነክቷል» አለችው።

ለግፊቱ መድኃኒት ጀመረችለት። ሁለት ቀን ካሳረፈችው በኋላም ትንሽ የልብ ምት መቅጃ ደረቱ ላይ አሰረችለት። «ይህን ይዘው ይዋሉ፤ ይዘውትም ይደሩ። እንደ ወትሮዎ እየሠሩ የሚያደርጉትን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጻፉልኝ።»

ለስምሪት ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሠርግና ምላሽ ነው። ደብተር ላይ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አስምሮ፣ የነቃበትን፣ የተቀመጠበትን፣ ያስነጠሰበትን ሳይቀር መዘገበ። በማግስቱ ከባለቤቱ ጋር ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ። ሐኪሟ ደብተሩን ከልብ ምቱ ወረቀት ጋር አመሳከረች።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ልብዎ ሩጫ ላይ ነበር። ምን ነበር?»

«ሠላሳ ሰባት ቁጥር ዘገየ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አራት።»

«ልብዎ ወደ ቦታው ለመመለስ የፈጀበትን ልንገርዎ? ሃምሳ ደቂቃ። በተረጋጋ ቁጥር ሌላ ስልክ ይደወላል፤ እንደገና ይነሳል። ሰው ሲቆጣና ሲጨነቅ ሰውነቱ ለጠብ ይዘጋጃል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊት ይወጣል። አንዳንዴ ቢሆን ግድ የለም። እርስዎ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብ ላይ ነዎት።»

ጋሽ ፊሽካ አራት ደቂቃ ለዘገየ ሾፌር የሚጽፈውን ማስጠንቀቂያ አስቦ አቀረቀረ።

ሐኪሟ ገጹን ገለጠችና ቅንድቧ ተሰቀለ። «እንቅልፍዎን ትተን፣ ቀኑን ሙሉ ልብዎ እጅግ የተረጋጋው ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እዚህ የተጻፈው... ‹ቀሚስ ለብሻለሁ› ይላል?»

ባለቤቱ በሳቅ ፈነዳች። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ደንበኛዬ ወፈር ያለች ናት፤ ልኳ ቁርጥ የሱ ነው» አለች ባለቤቱ እንባዋን እየጠረገች። «አቁሜ ጠርዙን ስይዝበት ነበር።»

«ዙሪያዬን መርፌ ተሰክቶብኝ እንዴት ልንቀሳቀስ?» አለ እሱ። «ስልኩ ሲጠራ እንኳ ማንሳት አልቻልኩም። እሷ ታንጎራጉራለች፣ እኔ እቆማለሁ።»

ሐኪሟም ራሷን መቆጣጠር አቃታት። ሦስቱም ሲስቁ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ጋብ ሲልላት፣ መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳያቋርጥ፣ ጨው እንዲቀንስ፣ በየቀኑ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ነገረችው። «ሬዲዮውንም ለሌላ ሰው ያካፍሉ።»

ሰኞ ጠዋት ሬዲዮውን ለምክትሉ ሰጣትና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያለሱ ግቢው የሚፈርስ መስሎት ነበር። እሷ ግን ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ ስልሳ አራቱንም አስወጣች።

«ሁሉም ወጡ?» አለ ዓይኑን ማመን አቅቶት።

«ሁሉም ወጡ፣ ጋሼ።»

«አንድም አልቀረም?»

«ቅር አለዎት እንዴ?»

ትንሽ ቅር ብሎታል። ኋላ ግን በራሱ ሳቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያምናት የኖረውን ሴት «ይቅርታ፣ እህቴ፤ ለካ አንቺ እያለሽ ነው እኔ የምንገበገበው» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋቱን ተካፈሉት፤ ምሳውንም ቁጭ ብሎ በላ።

እንቅስቃሴውን ያመጣችው ባለቤቱ ናት። አንድ እሑድ ከጎረቤት ብስክሌት ተውሳ መጣች።

«እኔ ብስክሌት መንዳት አልችልም» አለ።

«ስንት አውቶቡስ የሚያዝ ሰው?»

«አዝዣለሁ እንጂ መች ነዳሁ!»

ወደ ባዶው የአውቶቡስ ግቢ ወሰደችው። እረፍት ላይ የነበሩ ሾፌሮች ወሬውን ሰምተው ተሰበሰቡ። አንዱ ኮርቻውን፣ አንዱ ወገቡን ያዘለት። ባለቤቱ ከፊት ለፊቱ ወደ ኋላ እየሄደች፣ «እግርህን አትይ፣ እኔን እይ!» ትላለች። ያዙት፣ ገፉት፣ ለቀቁት። ጋሽ ፊሽካ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ላይ፣ በሁለት ጎማ፣ ብቻውን ሄደ! አምስት ሜትር፣ አሥር፣ ሃያ። ሾፌሮቹ እያጨበጨቡ ከኋላው ሮጡ። የግቢው ግንብ ሥር ሲደርስ መጠምዘዙ ጠፋውና እዚያ የበቀለው ሣር ላይ ተዘረረ።

ሁሉም ደንግጠው ከበቡት። እሱ በጀርባው ተኝቶ፣ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል።

«ተጎዳህ እንዴ? ምነው ተናገር!» አለች ባለቤቱ።

«ምንም አልሆንኩ» አለ እጁን እየዘረጋላት። «አንሺኝ፤ አንድ ዙር ልድገም።»