ቀዩ ግሪስ

ሲስተር የሚለውን ስም ያወጣላት የሰፈሩ ሰው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆና የግማሹን ሰፈር ልጅ በእጇ ተቀብላለች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። ሰው የሚፈራው ነገር እሷን እምብዛም አያስፈራትም። በዚያ ሰሞን ግን አንድ ነገር ፈራች፤ የገዛ ቀኝ እግሯን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቷን ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ከዛለ ወዲህ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከኮረብታው ላይ ካለው ቤታቸው ታች ወዳለው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ የምታወርደው እሷ ናት። መኪናዋ አሮጌ ብትሆንም ዓመለኛ አልነበረችም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ፍሬኗ ዓመል አወጣ። አንዳንድ ቀን ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ፔዳሉ ልስልስ ይልና እግሯን ተከትሎ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። እንደምንም ብላ ቆማ፣ ባለቤቷን አስገብታ፣ አንድ ሰዓት ጠብቃ ስትመለስ ደግሞ ያው ፔዳል ምንም እንዳላጠፋ ሰው ጠንክሮ ይጠብቃታል።

ሁለት ጋራዥ ሄደች። ሁለቱም ጋ ሻይዋን ሳትጨርስ "አልቋል፣ ይውሰዱ" ተባለች። የፊት ጎማ የፍሬን ሸራ አልቆ ተገኘ፣ አዲስ ገባ፣ መኪናዋ ጋራዡ ፊት ለፊት ባለው ለጥ ያለ መንገድ ላይ ተነድታ ቀጥ ብላ ቆመች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአራተኛው ወር ሸራው እንደገና አለቀ። ሁለተኛው ጋራዥ ያለው መካኒክማ ምክር ጨመረላት፦ "እናቴ፣ እግርዎን ፍሬኑ ላይ አሳርፈው ነው የሚነዱት። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል?"

ከዚያ በሳምንቱ የክሊኒኩን የብረት በር ገጨች። በሩ ትንሽ ጎበጠ እንጂ ሰው አልተጎዳም፤ ወሬው ግን ልጇ ጆሮ ደረሰ። ልጇ መድን ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ቀኑን ሙሉ የተጨራመተ መኪና ፎቶ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነው። እናቱን ይወዳል፣ ስለሚወዳትም ይጨቀጭቃታል።

"እማዬ፣ በቃሽ። ሁለት ባለሙያ ነግሮሻል። እሁድ መጥቼ ቁልፉን እወስዳለሁ። አባዬ በታክሲ ይሂድ።"

ባለቤቷ ከታመመ ወዲህ የማያውቀው ሰው እጅ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ባለታክሲው ደግፎ ሊያስገባው ቢሞክር እንደ ሕፃን አልቅሶ ተመልሷል። ልጁ ይህን አላየም። ቁልፉ ከሄደ ሕክምናውም አብሮ እንደሚሄድ ሲስተር ታውቃለች። የባሰው ደግሞ ለመከራከር የሚሆን አፍ ማጣቷ ነው። ብቻዋን ስትሆን ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ወለሉ ላይ ትጫናለች፣ ታነሳለች፣ መልሳ ትጫናለች። እግሯ እንደሚታዘዛት ማመን አቃታት።

ሐሙስ ማለዳ ተስፋ ቆርጣ ወደ አቶ ቀስታ ሄደች።

አቶ ቀስታ ደንበኞቹ የለጠፉበት ስም ነው። መኪና ለሱ የሰጠ ጫማውን ያጠንክር፣ በእግሩ መሄዱ አይቀርም ይላሉ። ከአንድ ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ሸራ የቀየረላት እሱ ነበር፤ ለሁለት ጎማ ሁለት ቀን ስላስጠበቃት ተማርራ ነው ወደ ፈጣኖቹ የኮበለለችው። ኩርፊያዋን አልጠየቃትም። በርጩማ ጠርጎ አስቀመጣትና ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ይጠይቃት ጀመር።

"መቼ መቼ ነው የሚያማት?"

"ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል።"

"በስንት ሰዓት? ማን ማን ተሳፍሮ?"

"ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። እኔና ባለቤቴ፣ ከኋላ ተሽከርካሪ ወንበሩ።"

"ባለቤትዎ ኪሏቸው ስንት ነው?"

ሲስተር ሳቀች። "ሰባ ሁለት። ልትገዛው ነው?"

አቶ ቀስታ ሁለት ከረጢት አሸዋ አስመዝኖ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ ቀበቶም አሰረላቸው። "ባለቤትዎ ናቸው እንግዲህ፣ ቀስ አድርገው ይንዱ" አለ ፈገግ ሳይል። ከዚያም፣ "በሽታው በሚነሳበት ቦታና ሰዓት ካላየሁት አልነካውም። ደህና የሆነ ነገር ፈትቼ ምን አገኛለሁ?" አላት።

ሲስተር ሰውዬውን እንደ አዲስ አየችው። ምጥ በቀጠሮ እንደማይመጣ፣ ሥራው ግማሹ ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንደሆነ ስንቱን ተማሪ ስታስተምር ኖራለች! ይህ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። አምና ዝግተኛ ብላ በማማቷ አፈረች።

ኮረብታው ላይ ወጥተው፣ ከቤቷ ደጅ ሦስት ሰዓት ሲል ተነሱ። አቶ ቀስታ ጎኗ ተቀምጦ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። በሦስተኛው ኩርባ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ወደ ታች ሲቃረቡ እግሯን ጫነች፤ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወረደ።

"ያውልህ! ያውልህ! አየኸው?"

ፍሬን ከድቶት እንዲህ የተደሰተ ሰው በዓለም ላይ አልታየም። አፏ እልል ሊል ምንም አልቀረው፤ እጇ ግን ሥራውን አልረሳም። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ቀጥላም ወደ አንደኛ አወረደች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳትመነጭቀው ጥቂት በጥቂት ሳበች፣ መንገዱ ዳር ያለው ሣር ላይ አስገብታ አቆመቻት።

አቶ ቀስታ ወርዶ ከያዘው ጠርሙስ አራቱም ጎማ ላይ ውኃ አፈሰሰ። ሦስቱ ዝም አሉ። የቀኙ የፊት ጎማ ጭስስ ብሎ ጮኸ።

"ፔዳሉ ሲከዳዎት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ሰው ጭኛለሁ እኮ።"

"ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ስምንት ጊዜ ይሆናል። አንዴ በር ገጭቻለሁ" አለች አንገቷን ደፍታ።

አቶ ቀስታ ራሱን ነቀነቀ። "ሲስተር፣ ሠላሳ ዓመት ከፍሬን ጋር ኖሬያለሁ። እኔ ብሆን በር ብቻ ገጭቼ አልተርፍም ነበር።"

ፍሬኑ እስኪበርድ ጠብቀው ጋራዥ ሲመለሱ ልጇ ደርሷል፤ "ፍሬኑ በሰው ፊት ከዳኝ!" ብላ በደስታ ስትደውልለት ያበደች መስሎት ሥራውን ጥሎ ነው የመጣው። አቶ ቀስታ ጎማውን ፈቶ ጠራው።

"እግር ሁለቱንም የፊት ጎማ እኩል ነው የሚይዘው። እግራቸውን አሳርፈው ቢነዱ ሁለቱም በጋሉ። ይኸው፣ የበላው አንዱን ብቻ ነው። ሸራው የሚንሸራተትበት ፒን ተጣብቋል። እሳቸው እግራቸውን ቢያነሱም ይሄ ጎማ አይለቅም። ቁልቁለቱን ሙሉ ሲፋተግ ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል። የፈላ ዘይት ጉልበት የለውም። ሲበርድ ይመለሳል።"

"ሁለት ጋራዥ አይቶታል እኮ!"

"በርዶ ነው ያዩት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።"

ልጁ ግን የመድን ሰው ነው፤ መንስኤ ሳይጻፍ መዝገብ አይዘጋም። "ፒኑስ ለምን ተጣበቀ? እሷ ፍሬን ስለምታበዛ ግሎ ቢሆንስ?"

አቶ ቀስታ ፒኑን እየታገለ አወጣው፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሄዶ ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አመጣና ከጨርቁ ጎን ከፈተው። ሁለቱም ላይ ያለው ያው ቀይ ግሪስ ነው።

"ይሄን ቀይ ግሪስ በዚህ ከተማ ከኔ በቀር የሚጠቀም የለም" አለ። "ላስቲክ ያለበት ቦታ አይገባም፣ ያሳብጠዋል። ግሪስ ቢበዛ አይጎዳም ብዬ ይሄኛው ላይ አትረፍርፌ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ አምና። ፒኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ አብጦ ያነቀው በዚህ ነው። ሌሎቹ ፒኑን አልነኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው። እናትህ እግር ላይ ምንም የለም።"

ድምፁን አልቀነሰም። ሲቀጠቅጡ የነበሩት ሁለት ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አስቀመጡ። አዲስ መኪናውን ሊያስረክብ የመጣ ደንበኛ ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ። አቶ ቀስታ አየው፣ ቃሉን ግን አላጠፈም።

ልጇ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። "እማዬ፣ በሩን የገጨሽ ዕለት ፍሬን አልነበረሽም ማለት ነው?"

"አልነበረኝም።"

"እኔ ደግሞ..." ብሎ ተወው። "እሁድ የምመጣው ምሳ ልበላ ብቻ ነው" አላት።

በማግስቱ አዲስ ላስቲክ፣ አዲስ ዘይት፣ ለላስቲክ የሚስማማ ቅባት ገብቶላት መኪናዋ ለሙከራ፣ የኋላ ወንበሯ ባዶ ሆኖ፣ ያንኑ ቁልቁለት ወረደች። አቶ ቀስታ ፍሬን ሠርቶ ከመኪናው ባለቤት ጎን ሳይቀመጥ አያስረክብም። በየኩርባው ፔዳሉ አልከዳትም። ሲስተር ደስ ብሏታል፤ ግን አንድ የምትጠይቀው ነገር አላት።

"ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?"

"ማንም" አለ። "ጥፋቱ እርስዎ እግር ላይ ይቀር ነበር።"

ሲስተር ማርሹን አውርዳ ኩርባውን ዞረች።

"እኔ ዝም ብያለሁ" አለች። "የዛሬ ሃያ ዓመት ነው። አንዲት እናት ሳዋልድ ቸኩዬ ሕፃኗን በኃይል ሳብኳት፤ ቀኝ እጇ እስከ ዛሬ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም። መዝገቡ ላይ 'እናትየዋ በሚገባ አልገፋችም' ብዬ ጻፍኩ። እሷም አመነችኝ። እስከ ዛሬ ጥፋቱ የሷ ይመስላታል።"

አቶ ቀስታ አልፈረደባትም፣ አላጽናናትምም።

"ቤቷን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ። ከወንዙ ማዶ ነው። አስቸጋሪ ቁልቁለት አለው።"

"ፍሬኑ ደህና ነው፣ ሲስተር" አለ አቶ ቀስታ። "ያደርስዎታል።"

ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ አልቆመችም። መሪዋን ወደ ወንዙ አዞረች።