የምኞት ዓረፍተ ነገር

መምህር ኦይታ የፕላዝማውን ሶኬት ከግድግዳው የነቀለው ረቡዕ ጠዋት፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ዘመኑ ዘጠና ስምንት፣ ወሩ የካቲት። ፕላዝማ የሚሉት ትልቅ ቴሌቪዥን ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በአገሩ ሁሉ እኩል ይጀምራል፣ እኩል ያልቃል። ለክፍሉ መምህር መግቢያ ላይ አምስት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ አምስት ደቂቃ ይተውለታል። የቀረውን ጊዜ መምህሩ ከስክሪኑ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ተማሪ እንዳይረብሽ ይጠብቃል።

ኦይታ አሥራ ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ድሮ አንድ የሰዋስው ሕግ ለተማሪዎቹ አልገባ ሲላቸው በአማርኛ ይሞክራል፤ እሱም ካልሆነ በጋሞኛ ያስረዳል፤ ሳይገባቸው አይለቃቸውም ነበር። አሁን ጠመኔው ኮት ኪሱ ውስጥ ተሰባብሮ ዱቄት ሆኗል። ሰው ሲጠይቀው «ምን ላድርግ፣ ማሽኑ ነው የሚያስተምረው» ይላል።

የዚያን ቀን ትምህርት ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲንዩስ ነበር። ኦይታ በአምስቱ ደቂቃ የቻለውን አለ።

«ቀደም ብሎ ተጀምሮ እስካሁን ስላላቋረጠ ነገር ስታወሩ ነው የምትጠቀሙበት። ከማለዳ ጀምሮ ሲዘንብ ቆይቷል እንላለን አይደል? አሁንም እየዘነበ ነው። ገባችሁ?»

መልሱን ሳይሰማ ስክሪኑ በራ።

ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ሴትዮ ብቅ ብላ በጥድፊያ ትናገር ጀመር። ምሳሌዎቹን አስነብባ ስትጨርስ ጥያቄ አቀረበች፤ ከክፍላችሁ አንድ ሰው ምረጡ፣ ያ ሰው ምን ሲያደርግ እንደቆየ ተናገሩ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓት መጣ። አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። ሰባ ስምንት ተማሪ ሰዓቱን ያያል።

ከሦስተኛው ረድፍ ምኞት ተነሳች። ከኩልፎ ወንዝ ማዶ፣ ከሙዝ እርሻዎቹ ሰፈር በእግሯ የምትመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ያልተሰማ ልጅ ናት።

«አወር...» ብላ ጀመረች።

ሰዓቱ ዜሮ ደረሰ። «ኤክሰለንት!» አለች የስክሪኗ ሴትዮ። «ቬሪ ጉድ!»

ክፍሉ ሳቀ። ምኞት አልተቀመጠችም። ሴትዮዋ ሁለተኛ ዕድል ስትሰጥ እንደገና ጀመረች።

«አወር ቲቸር ሃዝ...»

«ዌል ዳን!»

አሁን ሳቁ ባሰ። ከኋላ አንዱ ድምጿን አስመስሎ «አወር፣ አወር» አለ። ልጅቷ የዴስኩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። የኦይታ ደም ፈላ። ሴትዮዋ የምታመሰግነው ማንን ነው? የመለሰ የለም። ሊመልስ የተነሳውን ደግሞ በምስጋና አፉን ትዘጋዋለች።

ከወንበሩ ተነስቶ ሶኬቱን ነቀለው። ስክሪኑ ጠፋ። ከጎረቤት ክፍሎች ግን ያችው ሴትዮ በግድግዳው በኩል ስታሞግስ ትሰማለች።

«ቀጥዪ» አላት። «ማንም አያቋርጥሽም።»

ምኞት ከመጀመሪያው ጀመረች።

«አወር ቲቸር ሃዝ ቢን ሲቲንግ።»

መምህራችን ተቀምጦ ቆይቷል። የሚስቅ ጠፋ። ኦይታ ፊቱን በጥፊ የተመታ መሰለው።

«ሲንስ?» አለ። «ከመቼ ጀምሮ?»

ምኞት ወለሉን እያየች «ሲንስ ሴፕቴምበር» አለች።

«ውጪ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ይህን ባልደረባ አልነገረው፣ ሚስቱ አልነገረችው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በሰባ ስምንት ሰው ፊት ነገረችው። ስህተት ፈለገባት፤ አርሞ ሊያስቀምጣት። ሃዝ በቦታው ነው። ቢን በቦታው ነው። ሲንስም በቦታው ነው። ከመስከረም ወዲህ ከአንድ ተማሪ አፍ የሰማው የመጀመሪያው ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር፤ ይህን ሲያውቅ ንዴቱ ባሰበት።

ከኪሱ የተረፈች ጠመኔ ፈልጎ ዓረፍተ ነገሩን ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

«ትክክል ናት» አለ። «ሁላችሁም ጻፉት። ከዚያ ተራ በተራ የየራሳችሁን ትናገራላችሁ። ተሳሳቱ፣ ግድ የለም፤ ዝም ማለት ግን የለም።»

ተናገሩ። ዓለሙ የተባለው ልጅ ሲያንቀላፋ ቆይቷል፤ ብርቅዬ የተባለችው ደግሞ ማስቲካ ስታላምጥ ቆይታለች። ግማሹ ቢንን ይረሳል፣ ግማሹ ሃዝና ሃቭን ያደባልቃል። ኦይታ እየዞረ ያርማል። ደወሉ ሲደወል ዳይሬክተሩ አቶ ጥዑመልሳን በሩ ላይ ቆመው የጠፋውን ስክሪንና ሰሌዳውን እያፈራረቁ ያዩ ነበር።

«ይህን ማን ነው ያለው?» አሉ። ከፊት የተቀመጡት ወደ ምኞት ዞሩ።

ዓርብ ጠዋት የምኞት እናት ወለቴ ተጠርታ መጣች። የእርሻው ጭቃ ከጫማዋ ሳይደርቅ ነጠላዋን አስተካክላ ከዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ምኞት ከኋላዋ ናት። ኦይታም ተጠርቷል።

«ልጅዎ መምህሯን በክፍል ፊት ሰድባለች» አሉ አቶ ጥዑመልሳን።

«ምን ብላ ነው ጌታዬ? እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህራችን ከመስከረም ጀምሮ ተቀምጧል ብላ።»

ወለቴ ሌላ ነገር እስኪጨምሩ ጠበቀች። ሳይጨምሩ ሲቀሩ ወደ ኦይታ ዞረች።

«ታዲያ አልተቀመጠም?»

ዳይሬክተሩ ኦይታን አዩት። ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በልጅቷ ላይ ያልቅ ነበር።

«ተቀምጫለሁ» አለ። «የተናገረችው የሆነውን ነው። ያስቀመጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እሺ ብዬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች?»

«መምህር ኦይታ፣ በወላጅ ፊት እንዲህ አይባልም።»

«በማን ፊት ሊባል ነው? ልጅቷ የእሳቸው ናት።»

«እኔም የሚጠይቀኝ አለቃ አለኝ» አሉ አቶ ጥዑመልሳን፤ ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «የነቀሉት ትምህርት ለአገር የተላለፈ ነው። አይደገምም። ልጆቹ አመለጣቸው።»

«ያመለጣቸው አፋቸውን ዘግተው ኤክሰለንት መባል ነው!»

ዳይሬክተሩ ምኞትን ወደ ክፍልሽ ግቢ አሏት። ለኦይታ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚደርሰው ነገሩት።

ኦይታ ወለቴን እስከ በሩ ሸኛት። እንደምታመሰግነው አስቦ ነበር። ውጭ ሲደርሱ ፊቷን አጥቁራ በጋሞኛ ተናገረችው።

«የሥራ ቀኔን አቃጥዬ የመጣሁት ልጄ እውነት ስለተናገረች ነው። አንተ የእኛ ልጅ ነህ፣ ቋንቋችንን ታውቃለህ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካስ ተቀምጠህ ነው።»

ኦይታ በሩ ላይ ቀረ። ወደ ኩልፎ የሚወስደውን መንገድ ይዛ እስክትርቅ አያት።

ሰኞ ደብዳቤው ደረሰው፤ ፈረመ። የዚያኑ ቀን አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በየክፍሉ እየዞረ ሶኬቶቹን በቆርቆሮ ሳጥን ሸፍኖ ቆለፈባቸው። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሴትዮዋ ስትመጣ ኦይታ ስክሪኑ ፊት ቆመ፤ ጀርባው ግማሹን ጋረደው። ጥያቄውን በጋሞኛና በአማርኛ እየደገመ፣ ተማሪ በስም እየጠራ፣ ከድምጿ በላይ ጮኸ። እሷ ስታመሰግን እሱ «ገና ነው፣ አልጨረሰም!» ይላል። አቶ ጥዑመልሳን በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉና ሄዱ።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል የኦይታ ድምፅ ተዘግቶ ነበር። በዚያው በተዘጋ ድምፅ ምኞትን ጠራት። ተነስታ በትክክል መለሰች፤ ዓይኗን ግን ከደብተሯ ላይ አላነሳችም።