ሜክሲኮ ላይ የምትሞተው ቀይ መኪና

መኪናዋ የምትሞተው ሁልጊዜ ሜክሲኮ ላይ ነው። ከጋሼ ዮፍታሔ ግቢ ስትወጣ የሚስተካከላት የለም፤ ቀይ ቀለሟ እያበራ፣ ጣሪያዋ ተገልጦ፣ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የሚሸጡትን ሴቶች አንገት ሁሉ አስጠምዝዛ ታልፋለች። አደባባዩ ጋ ስትደርስ ግን ሁለቴ ታስላለች፣ አንዴ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ጸጥ።

ያን ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ሳይለቅ ረዳቱ በመስኮት ተንጠለጠለ።

«ፋዘር! ይቺን ነገር ሰንጋ ተራ ይውሰዷት፤ በሬ ይጎትትልዎታል!»

«በሬውማ ታክሲ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል» አለች ዙሃራ ከመኪናዋ ዘላ እየወረደች። «በል ውረድና ግፋ!»

የታክሲው ሰው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ፤ እውነትም ወርዶ ገፋ። ጋሼ ዮፍታሔ መሪያቸውን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ፣ እንደ ቤተ መንግሥት እንግዳ ቀጥ ብለው ተገፉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሲገፉ እንኳ ያምርባቸዋል።

መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከተሠራች ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለፋት ስፖርት መኪና። ጋሼ ፕላን ነዳፊ ሳሉ፣ ጎረምሳ ሳሉ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ሐኪም ገዟት። ከዚያ ወዲህ ስንቱ መንግሥት ሲለዋወጥ እሷ እዚያችው ግቢ፣ በሸራ ተሸፍና ኖረች።

ዙሃራ ደግሞ በዚያው ግቢ ያደገች ናት። አባቷ የግቢውን የፊት ክፍል ተከራይቶ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል። መካኒክነትን ማንም አላስተማራትም። አንድ ጋራዥ ገብታ ልማር ብትል «ሻይ ታፈያለሽ» አሏት፤ «ሻዩንስ አፈላዋለሁ፣ እናንተ የፈታችሁትን ሞተር ማን ይገጥመዋል?» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ የአጎቷን መኪና ፈታች፣ ገጠመች፤ አራት ብሎን ተረፋት፤ እንደገና ፈታች። የዚህችን ቀይ መኪና የጥገና መጽሐፍ፣ በጣሊያንኛ የተጻፈውን፣ ቃል በቃል በስልኳ እያስተረጎመች ስምንት ወር ፈጅቶባት ጨረሰችው። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ «እስቲ መካኒኩን ጥሪልኝ» የሚላት ሰው መጨረሻው አያምርም።

የወደደቻት በቀለሟ አይደለም። ኮፈኗን በከፈተችው ቁጥር የምትገረመው እያንዳንዱ ብሎን እጅ የሚደርስበት ቦታ በመቀመጡ ነበር።

«ይቺን የሠራ ሰው» ትላለች፣ «አንድ ቀን የሚጠግናትን ሰው አስቧል። የዘንድሮ መኪናማ አንድ አምፖል ለመቀየር ግማሽ አካሉን ያስፈታሃል።»

ጋሼ ግን አሁን ለመገረም ጊዜ አልነበራቸውም። ልጃቸው በዕውቀቱ ሐሙስ ከባንክ ሥራው ወጥቶ በቀጥታ ግቢው መጣ። መኪናዋ መንገድ ላይ መቆሟን ሰምቷል።

«አባዬ፣ ይሄ ስንተኛ ጊዜ ነው?»

«አራተኛ» አሉ ጋሼ።

«ስድስተኛ» አለች ዙሃራ ከመኪናዋ ሥር።

«እግዜር ይስጥሽ!» አሉ ጋሼ።

በዕውቀቱ ክፉ ሰው አይደለም። አባቱ መንገድ መሃል ቆመው ከኋላቸው የገልባጭ መኪና ፍሬን ሲንጫጫ እየታየው እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው። «ቦሌ ምግብ ቤት የሚከፍት ጓደኛ አለኝ» አለ። «በር ላይ ያቆማታል። ሞተሯን አውጥቶ በረዶ ይሞላባታል፤ መጠጥ ማቀዝቀዣ። ታምራለች አባዬ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳባታል።»

ጋሼ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ዙሃራ ሥር ሆና የምታየው ጫማቸውን ብቻ ነበር፤ ጫማው ግን ትንሽ ወደ ኋላ ሲል አየች።

«ለቅዳሜ አንድ ዕድል ስጠኝ» አሉ በመጨረሻ። «ራስህ ንዳት። አንዴ ከቆመችብህ፣ ያው ለጓደኛህ ውሰዳት። በረዶ ይሙላባት።»

«ቃል?»

«ቃል።»

በዕውቀቱ ሲወጣ ዙሃራ ከሥር ተንሸራታ ብቅ አለች። የቀየረችው ሁሉ በጭንቅላቷ ተደረደረ። ካንዴላ፣ አዲስ። ኮይል፣ አዲስ። ካርቡራተሩ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተነፍቶ ተገጥሟል። የነዳጅ ፓምፑ ውስጡ ታድሷል። ግቢ ውስጥ ቆማ ስትሠራ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ብትቆይ አትሳሳትም፤ መንገድ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ስትነዳ ትሞታለች፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈች ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

«በሽታዋ ሰው ፊት ነው የሚነሳባት» አሉ ጋሼ።

«መኪና አያፍርም ጋሼ። የሚያፍረው መካኒክ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ፋርማሲ ሄዳ የግሉኮስ ቱቦ ገዛች። ፋርማሲስቷ «ማን ታሞብሽ ነው?» ብትላት «አሮጊት ናት፣ ቤንዚን ነው የምትጠጣው» ብላ ወጣች። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ጥቁር ጎማ ነቅላ ውስጡ የሚታየውን ያንን ቱቦ ተካችበት፤ በኮፈኑ ክፍተት አውጥታ የፊት መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። እየነዳች ቤንዚኑ ሲያልፍ በዓይኗ ልታይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበበችም። ጋሼ ዮፍታሔ የእሳት ማጥፊያውን እንደ ሕፃን ታቅፈው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ብንቃጠል» አሉ፣ «ባርኔጣዬን አድኚ።»

በልደታ ኮንዶሚኒየሞች መካከል ሽቅብ ቁልቁል እየዞሩ ነዱ። ቱቦው መጀመሪያ ሙሉ ነበር። አምስት ደቂቃ፣ ሙሉ። ዐሥር ደቂቃ ሲሆን አረፋ ታየ። ከዚያ ቤንዚኑ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ መጣ፤ በመጨረሻ ጠብታ ብቻ ሆነ። መኪናዋ ሁለቴ አሳለች፣ አንዴ ተንቀጠቀጠች።

«ያዝኩሽ!» አለች ዙሃራ መሪውን በመዳፏ እየመታች።

ወርዳ ፓምፑን በእጇ ሠራችው፤ ጤነኛ ነው። ይጠባል፣ የሚጠባው ነገር ግን አይመጣም። ምናልባት ቤንዚኑ አልቆ እንደሆነ ብላ ወደ ኋላ ሄደችና የታንኩን ክዳን አዞረች።

ፍስስስስ።

መኪናዋ አየር ሳበች። ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ ያለ ሰው እንደሚተነፍስ፣ ረጅም፣ የቸገረው ትንፋሽ ነበር። ታንኩ ግማሽ ድረስ ቤንዚን አለው። ዙሃራ ክዳኑን እጇ ላይ ይዛ ቀረች። በአንድ ጊዜ ገባት። ከታንኩ ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አየር ካልገባ ታንኩ ቤንዚኑን ሙጭጭ አድርጎ ይይዘዋል፣ ፓምፑ የፈለገውን ያህል ቢጥር አይለቅም። ክዳኑ ደግሞ ለዚሁ ሲባል የመርፌ ቀዳዳ የምታክል መተንፈሻ ነበረችው።

ነበረችው። ባለፈው ዓመት ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ሰሞን፣ ጋሼ ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል ሲሉ፣ ዙሃራ ያችን ቀዳዳ ዝገት የበላት መስሏት በማጣበቂያ ደፈነቻት። ከዚያ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ላይ በምላጭ ቆርጣ፣ ዙሪያዋን አለስልሳ፣ ለክዳኑ የጎማ ማሸጊያ ሠራች። ሽታው ያን ቀን ጠፋ። እንዲያ ያማረ ሥራ ሠርታ አታውቅም፤ ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ አሳይታዋለች። መኪናዋ መንገድ ላይ መቆም የጀመረችውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀምጠዋል፤ አያዩም። ማሸጊያውን አውልቆ ኪስ መክተት፣ ቀዳዳዋን በመርፌ መክፈት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። «ካርቡራተሩ ነበር፣ አስተካከልኩት» ብትል ማን ያውቃል? ስሟም እንዳለ ይቆያል። ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የዚያችን መኪና ኮፈን እንደገና ከፍታ፣ በአንድ ብሎን እንኳ ያልዋሸውን ሰው ሥራ እንዴት ብላ ልታይ ነው?

«ጋሼ» አለች። «እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

ይቅርታ ጠይቃ ነገረቻቸው። ጎማውን በእጃቸው አስያዘቻቸው። አገላብጠው አዩት፤ ፕላን ነዳፊ ናቸውና ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«በእጅ ነው የቆረጥሽው?»

«በምላጭ።»

«ክቡ ልክ ነው» አሉ። ከዚያ ጎማውን መለሱላትና «ስድስት ጊዜ አስገፍተሽኛል ማለት ነው» አሉ።

«ስድስት።»

«ለበዕውቀቱ ግን ይሄን አትንገሪው፤ መኪናዋን ከመንካቱ በፊት ይጨርሰናል።»

«እነግረዋለሁ ጋሼ። መንገድ ላይ ሕይወቱን የሚያስይዘው እሱ አይደል?»

ቅዳሜ ወሩ ገብቶ ልደታ ስለነበረች ከማለዳው ጀምሮ መንገዱ ነጠላ በነጠላ ሆኗል። በዕውቀቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ዙሃራ ጥቁሩን ጎማ ወደ ቦታው መልሳ፣ ማሸጊያው ወልቆ መተንፈሻው የተከፈተውን ክዳን ይዛ በር ላይ ጠበቀችው፤ ቁጭ በል እንኳ ሳትለው አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እየሰማ ፊቱ ቀላ።

«ስለዚህ አባቴን መኪና መሃል ስታቆሚው የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ይቅርታ እንኳ አትይም?»

«ለጋሼ ብያለሁ። ላንተ ደግሞ ያልኩህ ከይቅርታ ይበልጣል፤ ደብቄህ ብትነዳት ምን ታውቅ ነበር?»

በዕውቀቱ አባቱን አየ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አድርገው ገብተው ተቀምጠዋል፣ ቀበቶ ሁሉ አስረዋል። በዕውቀቱ ቁልፉን ነጥቋት ገባ። ዙሃራ ክዳኑን መልሳ ገጠመች፤ ወንበሩ ሁለት ብቻ ነውና በር ላይ ቀረች።

ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ በነጠላው መሃል ሰንጥቆ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰማት፤ ከዚያ ጠፋ። በሜክሲኮ አድርጎ፣ በሰንጋ ተራ ዞሮ ለመመለስ በዚህ ግርግር አርባ ደቂቃ ይበቃል። አርባ ደቂቃ አለፈ። አባቷ ከሱቁ ብቅ ብሎ «ነይ እንጂ ሻይ ጠጪ» አላት። አልሰማችውም። አንድ ሰዓት ሞላ። ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በእግሯ ወደ ሜክሲኮ ገሰገሰች። አደባባዩን ዞረች፤ ቀይ ነገር ባየች ቁጥር እየሮጠች ቀረበች። አውቶቡስ ነው። ጃንጥላ ነው። ሰንጋ ተራ ድረስ ወረደች። የቆመ መኪና የለም፣ ሰውም አልተሰበሰበም። ጎትተዋት ቦሌ ወስደዋታል ብላ አሰበች። በረዶው ታያት።

ላብ በላብ ሆና ስትመለስ ግቢው በር ክፍት ነው። መኪናዋ መሃል ላይ ቆማ ሞተሯ ቀስ እያለ ይጮሃል። አቧራ ለብሳለች፤ ልደታ ውስጥ የሌለ ቀይ አቧራ። ጋሼ ዮፍታሔ ባርኔጣቸው የለም፤ ሽበታቸው እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ኋላ ተጋድሟል።

«የት ሄዳችሁ ነው?» አለች ዙሃራ።

«ሰበታ» አለ በዕውቀቱ። «አልቆም አለች። እኔስ ለምን አቆማታለሁ?»

«ባርኔጣዬ እዚያው ነው» አሉ ጋሼ፤ ለባርኔጣው ያዘኑ አይመስሉም።

በዕውቀቱ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ስማ ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ መኪናዋን ተዋት። ... አይ፣ አልተሸጠችም። ትሠራለች።» ከዘጋ በኋላ ወደ ዙሃራ ዞረና ጉሮሮውን ጠረገ። «ፍሬን ስይዝ ግን ወደ ግራ ትስባለች።»

«መሪውን እንደ ሰመጠ ሰው አንቀህ ይዘህ ነዋ!»

«በቀኝ እጄ ብቻ ይዤም ትስባለች አልኩሽ።»

ዙሃራ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ የግራውን የፊት ጎማ በእግሯ ነካ አድርጋ ተንበረከከች።

«ክሪክ አምጣ» አለችው። «ሸሚዝህንም አውልቅ፣ ይቆሽሻል።»