የታችኛው እርከን ገብስ

ኩንዜስ በረዶው ላይ አፈር የበተነችው መንደሩ ከወሰነው ቀን ዘጠኝ ቀን ቀድማ ነበር።

በተራራማዋና ብርዳማዋ ዛንስካር ገብስ የሚዘራው መሬቱ ከበረዶ ሲላቀቅ ነው፤ መሬቱም ዝም ብለው ቢጠብቁት ቶሎ አይላቀቅም። ስለዚህ ሁሉም ቤት አጨዳ ሲያልቅ ደረቅ አፈር ተሸክሞ ምድር ቤት ያከማቻል፤ ብርዱ ሊሰበር ሲልም አውጥቶ በረዶው ላይ ይበትናል። ጥቁሩ አፈር ፀሐይ ይስባል፣ በረዶው ከሥሩ ይቀልጣል። ግን ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚበትነው። ከዚያ በፊት ወንዶቹ ቦዩን ይጠርጋሉ፤ የቀለጠው ውሃ መውረጃ ካላገኘ የታችኛው ሰው እርሻ ላይ ይተኛል።

ኩንዜስ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ገብሷ ሳይደርስ ውርጭ መትቶባት፣ የሦስት ዓመት ልጇን ሪግዚንን በቀጠነ በሶ ነበር ያከረመቻት። ማታ የልጅቷን ክንድ በሁለት ጣቷ ስትለካ ሁለቱ ጣቶች ይገናኙ ነበር። ዘንድሮም ቢመታንስ? ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ ጭንቅላቷ አልገባም። ባሏ አንግዱስ ለመንገድ ሥራ ወጥቷል። አንድ ቀን በረዶው ስስ ስስ እያለ ሲወርድ፣ ሰውም ምድጃው ዙሪያ ኩርምት ሲል፣ አርባ ሁለት እንቅብ አፈር አውጥታ በተነችው። የሚወርደው በረዶ ወዲያው በስሱ ሸፈነላት። የሚያያት አልነበረም።

በሳምንቱ የኩንዜስ እርከን ሆዱን ገልጦ ታየ።

"ፀሐይ የኩንዜስ ዘመድ ናት እንዴ?" አሉ ጎረቤቶቿ።

"የአክስቷ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፤ እኛን መች ታውቀናለች!"

እሷም አብራ ሳቀች። የቀለጠው ውሃ ግን ባልተጠረገው ቦይ መሄድ አቅቶት፣ በካቡ ላይ ተርፎ፣ ከእርከኗ ሥር ባለው፣ ሁሉም አቼ፣ ታላቅ እህት፣ እያለ በሚጠራት በአሮጊቷ በያንግስኪት እርሻ ላይ ሲተኛ ከርሟል። ቀን የወረደው ማታ ይረጋል፤ በማግስቱ ሌላ ውሃ ይደረብበታል። የመበተኛው ቀን ሲደርስ የሌላው ሰው እርሻ ላይ ያለው ቡን የሚል በረዶ ነበር፤ የያንግስኪት እርሻ ላይ ግን ክንድ የሚያህል ግግር፣ እንደ መስታወት የጠነከረ። አሮጊቷ አፈሯን በሙሉ በተነችበት። በዶማ ፈለጠችው። ያንግስኪት መሬቷን ያየችው ኩንዜስ ከዘራች ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ነው።

በዚያ አገር ገብስ ከመሬት ወጥቶ እስኪደርስ ያለው ጊዜ መቶ ቀን ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ አሥራ ስምንት ቀን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ያንግስኪት ባሏ የሞተባት፣ በግራ ጉልበቷ የምታነክስ፣ ቀልደኛ ሴት ናት። በግግሩ ግን ማንንም አልጠረጠረችም። ራሷን ጠረጠረች።

"እኔ ነኝ ያመጣሁት" አለች ያንግስኪት ዘሯን እየዘራች ለኩንዜስ። "አምና የወተት ማሰሮ ምንጩ ውስጥ አለቅልቄ ነበር። ሰነፍኩ፣ ቀድቼ ዳር ላይ ማጠብ ነበረብኝ። የምንጩ ጌታ ተቆጣኝ።"

"ኧረ አቼ፣ በአንድ ማሰሮ?"

"አንድም ይሁን ሁለት፣ ቤቱን አቆሸሽኩበት። ይኸው እሱም የኔን ዘጋው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምንጩ መቅዳት ተወች። ጽድ እያጨሰች የምንጩን መንፈስ ይቅርታ ትለምናለች እንጂ ውሃውን አትነካም። ጀሪካኗን አዝላ እያነከሰች ወንዝ ድረስ ትወርዳለች። ኩንዜስ ጠዋት ጠዋት ከደጇ ሆና ያቺን ጀርባ ታያለች። ልንገራት ትላለች። ከዚያ መንደሩ ሲሰማ ይታያታል፤ የውሃ ተራ ሲከለክሏት፣ ልጇ ማንም እቅፍ ሳያደርጋት ስታድግ። ከደጇ ወርዳ ትከተላታለች።

"ልሸከምልዎት፣ አቼ።"

"ተይ፣ ቅጣቱ የኔ ነው። አንቺ ከተሸከምሽው ምኑን ቅጣት ሆነ?"

የኩንዜስ ገብስ ጉልበት ሲደርስ የታችኛው ገና ከቁርጭምጭሚት አላለፈም ነበር። ኩንዜስ የምትችለውን አደረገች። ያንግስኪት ወንዝ ስትወርድ አረሟን አረመችላት። የራሷ የውሃ ተራ በደረሰ ቁጥርም ጎህ ሲቀድ ተነስታ ግማሹን በካቡ ቀዳዳ ወደ ታች ትለቀው ነበር። የታችኛው እርከን ደስ የሚል ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ኩንዜስ ልቧ ትንሽ ቀለል አላት።

አንግዱስ ሲመለስ ከላይ ሆኖ አየው። የኩንዜስ ገብስ ግን ዛላው እየነጣ ነው።

"የያንግስኪት ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚለመልመው?"

"ውሃ እያካፈልኳት ነው።"

"በዚህ ጊዜ? አብደሻል እንዴ! ገብስ ሲጠማው ነው ተሯሩጦ ፍሬውን የሚያደርቀው። ውሃ ካገኘማ ምን አስቸኮለው? በልምላሜ ልትገድያት ነው?"

ኩንዜስ ካቡ ላይ ተቀመጠች። አፈሩንም፣ ውሃውንም፣ ሁሉንም ነገረችው። አንግዱስ ዙሪያውን አየ።

"ማን አየሽ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ዝም በይ። ልጅ አለን።"

የካቡን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነችው። አሥር ቀን ዝም አለች። በየቀኑ የታችኛውን ዛላ በጥርሷ ትነክሳለች፤ በየቀኑ ወተት ነው የሚወጣው። ለመድረስ የቀረበ ፍሬ ቢያንስ እንደ ሊጥ ሊጠጥር ይገባ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ በድንገት ቆመ። ሰማዩ ጥርት አለ። እንዲህ ሲሆን ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ያንግስኪት እርሻዋ መሐል ቆማ ዛላ እያሸች ነበር። ኩንዜስ ካቡን ዘላ ወረደች።

"አቼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።"

"ክፉ ካልሆነ ንገሪኝ።"

"ክፉ ነው። የምንጩ ጌታ አልተቆጣዎትም። ግግሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከቀኑ በፊት አፈር በትኜ ነበር።"

ያንግስኪት እጇን ከዛላው አላነሳችም።

"ስንት እንቅብ?"

"አርባ ሁለት።"

"ቦዩ ሳይጠረግ?"

"ሳይጠረግ።"

"ያ ጠዋት ጠዋት የማገኘው ውሃስ?" ድምጿ ቀጠነ። "እርሻዬ ርሶ ሳገኘው ጌታው ታርቆኛል ብዬ ነበር። መሬት ስሜያለሁ።"

"እሱም እኔ ነኝ። ላግዝዎት ብዬ። አዘገየው እንጂ አላገዘም።"

"ታዲያ አልተቆጣኝም፤ አልታረቀኝምም።"

"አዎ።"

አሮጊቷ በዛላ የተሞላ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ሳቅ ያዛት።

"ሞኚት! ያን ሁሉ ዳገት! ይህን ጉልበት ይዤ!" ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ኩንዜስም ልትስቅ አፏን ስትከፍት፣ የያንግስኪት ሳቅ ተቋረጠ። "አየሽኝ" አለቻት። "ስወርድ ስወጣ በየቀኑ ታዪኝ ነበር።"

"አይዎት ነበር።"

"ልሸከምልዎት አልሽኝ።"

ኩንዜስ ወደ ካቡ ዞረች። "ማጭድ ላምጣ፣ አቼ። ሳይመሽ እንጨደው።"

"ምኑን? ወተቱን? ሂጂልኝ፣ ልጄ። ፊትሽን ማየት አልችልም።"

ሲነጋ የታችኛው እርከን ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኖ ታየ። ፀሐይ ስትነካው ደግሞ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኛ። ከዚያ ዘር የሚሆን አንድ ፍሬ እንደማይገኝ ከሩቅ ይታወቃል፤ ለከብት መኖ ብቻ።

ኩንዜስ ሪግዚንን አዝላ ስትወጣ የማጭድ ድምፅ ሰማች። ከራሷ እርሻ ነበር። ያንግስኪት ሳታስፈቅድ፣ ቀና ሳትል፣ የደረሰውን ገብስ ከዳር ጀምራ ታጭዳለች። ጎረቤቶች ካቡ ላይ ቆመው ያያሉ።

አንግዱስ እየሮጠ መጣ። "ምን እያደረገች ነው?"

"ተዋት።"

"የልጅሽን እህል እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ተዋት አልኩህ" አለችና ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ ስለ አፈሩ ተናገረች። አንዷ ከካቡ ወርዳ ወደ ያንግስኪት ሄደችና ነዶ ማሰር ጀመረች፤ ሌላዋም ተከተለቻት።

ኩንዜስ በሌላኛው ዳር ማጨድ ልትጀምር ፈለገች፤ ግን አልጀመረችም። ቆማ የሚታሰረውን ነዶ ቆጠረች። ያንግስኪት ሁሉንም እንደምትወስድ እርግጠኛ ነበረች፤ ብትወስድም የሚገባት መሰላት። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እቅፏ ውስጥ አጠበቀቻት።

እኩሌታው ላይ ስትደርስ ያንግስኪት ቆመች። ቀና ብላ የታጨደውንና የቀረውን በዓይኗ ለካች። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዳ ትንሽ ጨመረች፤ የአንድ ሰው ቁመት ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም። ማጭዷን ወገቧ ላይ ሰካች፣ የመጀመሪያውን ነዶ ተሸክማ እያነከሰች ወረደች።

ኩንዜስ የቀረውን ገብስ አየችው። እስከ ብርዱ መጨረሻ አያደርስም፤ ግን አለ። ያንግስኪት ሁሉንም ወስዳው ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።